«እንኳን አደረሰዎት!» ያለው ነቀዝ

ለእንቁጣጣሽ ካርድ ስትመርጡ ዓይናችሁ ምን ላይ ያርፋል? አደይ አበባ? የቡና ረከቦት? ነቀዝ የሚመርጥ እንደማይኖር እገምታለሁ። እኔም አስቤው አላውቅም ነበር።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ማለቂያ ላይ አክስቴ ለበዓል ድፎ ዳቦ የሚሆን ስንዴ ከአሰላ ላኩልን። ከረጢቱን ስንፈታው ነቀዝ ወጣበት። የስምንት ዓመት ልጄ ጮኸች፤ እኔም አንስቼ ልጥለው ምንም አልቀረኝም። ትንሽ ቆይታ ግን ማጉያ መነጽር ይዛ መጣችና «ማሚ፣ ኩምቢ አለው እኮ!» አለችኝ።

እናንተም አንድ ቀን ሞክሩት። ነቀዝ ርዝመቱ ከሦስት እስከ አራት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ሲጎላ ግን ቡናማ ጥሩር የለበሰ፣ ጀርባው ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች በመስመር የተደረደሩበት፣ አንቴናው እንደ ክርን የታጠፈ ፍጥረት ይሆናል። ኩምቢው ደግሞ ለጌጥ የተሠራ አይደለም፤ አፉ ያለው ጫፉ ላይ ነው። ሴቷ በዚያ ፍሬውን ትበሳና እንቁላሏን ጥላ ቀዳዳውን ትደፍነዋለች። እጩ ውስጥ ውስጡን እየበላ ያድጋል። ከላይ ሲታይ ደህና የሚመስለው ስንዴ ከሳምንታት በኋላ ድንገት ነቀዝ የሚያፈላው ለዚህ ነው።

ተባይን አጉልቶ ማሳየት አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ለንደን ላይ ባሳተመው «ማይክሮግራፊያ» በተባለው መጽሐፉ ቁንጫን ወደ ግማሽ ሜትር በሚጠጋ ተዘርጊ ገጽ ላይ ስሎ አሳይቷል። ቅማልም የሰው ፀጉር ጨብጣ ትታያለች። የዚያ ዘመን ሹም የነበረው ሳሙኤል ፒፕስ መጽሐፉን ሲያነብ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት መቆየቱን በዕለት ማስታወሻው ጽፏል። ዛሬ ከምናያቸው እጅግ የጎሉ የነፍሳት ፎቶዎች ብዙዎቹ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተነሱ ናቸው። መሣሪያው ቀለም ስለማያሳይ ያ ሁሉ ወርቃማና ሐምራዊ ቀለም በኋላ በኮምፒውተር የተቀባ ነው።

እኔ የምሠራው ማርኬቲንግ ነው። በየበዓሉ ለደንበኞች የሚላክ ካርድ አዘጋጃለሁ፤ አንዱ ካርድ ከሌላው የማይለይ መሆኑንም አውቃለሁ። በስልክ የሚላከውማ ሳይታይ ለሌላ ይተላለፋል። እኛ ልጆች ሳለን ግን ራሳችን የሳልነውን አበባና መልአክ ይዘን ጎረቤት እናንኳኳ ነበር። ሥዕሉ ቢጣመምም ሰው በደስታ ይቀበለን ነበር። የነቀዙ ካርድ ያንን ጊዜ አስታወሰኝ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ነቀዙን በትንሽ ዕቃ ከድናችሁ ለሁለት ሦስት ቀን ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት፤ ይሞታል። ከዚያ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ መስኮት አጠገብ አስቀምጡት። ማጉያ መነጽሩን የስልካችሁ ካሜራ ፊት ያዙና ጥርት እስኪል አቅርቡት፣ አርቁት። ፎቶ ቤት አሳትማችሁ ጠንካራ ወረቀት ላይ ለጥፉት። ጽሑፉን ለልጁ ተዉለት። በርኖስ ለሚወዱ አያት ደግሞ ብል ትሆናለች፤ ሱፉን የሚበላው የምትበረው ብል ሳትሆን እጯ መሆኑንም ልጁ በዚያው ይማራል። ነገር ግን ሐዘን ላይ ላለ ሰው አትላኩ። ልጁ ቅማል ይዞት ለተሸማቀቀ ቤተሰብም የቅማል ካርድ ቀልድ አይሆንም።

ልጄ የመጀመሪያውን ካርድ የላከችው ለማን መሰላችሁ? ስንዴውን ለላኩልን አክስቴ! ከሥሩ «እማማ፣ እንኳን አደረሰዎት! ስንዴዎን በልቼ ጠግቤያለሁ። የእርስዎ ነቀዝ» ብላ ጽፋለች። እኔ ሳላየው ወደ አሰላ በሚሄድ ዘመድ እጅ ተልኳል። ሳውቅ ደነገጥኩ። «የላክሽልን የነቀዘ ነው» ብሎ እንደመውቀስ አይቆጠርም?

በዋዜማው አክስቴ ደወሉ። መጀመሪያ ሳቁ፣ ብዙ ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ዓይኔ ደክሟል ልጄ፤ ስለቅም አይታየኝም። እንዳታስቡ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አሉኝ።

በየዓመቱ ስንዴያቸውን ስንበላ አንዳችንም ይህን አናውቅም ነበር። ከበዓሉ በኋላ አዲስ አበባ አምጥተን ሐኪም አሳየናቸው፤ የዓይን ሞራ ነበር። አሁን አንዱ ዓይናቸው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል፤ ሌላው ተራውን ይጠብቃል።

ዘንድሮ ስንዴውን የምንለቅመው እሳቸው ቤት ሄደን ነው። ልጄ ማጉያ መነጽሯን ከወዲሁ ቦርሳዋ ውስጥ ከታለች። ካርዱ እስካሁን ግድግዳቸው ላይ ተለጥፏል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይህ የእኔ ነቀዝ ነው» እያሉ ያሳያሉ አሉ።