እምቢ ብሎ ነው ወይስ ሳይሰማ ቀርቶ? የአቦርጂናል ሕፃናት የጆሮ ሕመም

በዚህ ጽሑፍ በአውስትራሊያ ስለሚኖሩ ልጆች እናወራችኋለን። አገሩ ሩቅ ነው፤ ሕመሙን ግን ከአገር ቤት ጀምሮ እናውቀዋለን። ጆሮው መግል የሚያወጣ፣ ዝንብ የሚከተለው ልጅ በየመንደሩ ነበር፤ «ሲያድግ ይተወዋል» ተብሎም ይታለፍ ነበር።

አቦርጂናል የሚባሉት የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ናቸው። ብዙዎቹ ዛሬ በከተማ ይኖራሉ፤ ችግሩ የሚብሰው ግን ከከተማ በራቁ ትንንሽ መንደሮች ነው። አውስትራሊያ ሀብታም አገር ናት። ሆኖም በ2001 እ.ኤ.አ. በሰሜኑ ግዛት በ29 መንደሮች ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ያሉ ሕፃናት ሲመረመሩ፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል የመካከለኛው ጆሮ ሕመም ተገኘባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ከመቶ ልጆች ከአራት በላይ ጆሯቸው ዘወትር የሚመግል ከሆነ አስቸኳይ እርምጃ ያስፈልጋል ይላል፤ በእነዚህ መንደሮች ቁጥሩ ከዚያ እጅግ የበለጠ ነበር።

ሕመሙ እንዴት ይመጣል? ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ ያለው ክፍተት ከአፍንጫ ጀርባ ጋር በቀጭን ቱቦ ይገናኛል። የሕፃን ቱቦ አጭርና ጋደም ያለ ስለሆነ የአፍንጫ ጀርም በቀላሉ ወደ ጆሮ ያልፋል። ብዙ ሰው በአንድ ክፍል በሚተኛበት፣ ለመታጠቢያ የሚሆን ውሃ በማይበቃበት፣ ሲጋራ በሚጨስበት ቤት ሕፃኑ ገና በተወለደ በጥቂት ሳምንታት ጀርሙን ይቀበላል። ፈሳሽ ይጠራቀማል፣ ታምቡሩ ይቀደዳል፣ መግል ይወጣል። አንዳንድ ሰው «የዘራቸው ነገር ነው» ይላል፤ እኛ ይህን አንቀበልም። የቤቱን ጥበትና የቧንቧውን ብልሽት ያየ ሰው ዘር መጥቀስ አያስፈልገውም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ብዙዎቹ ሕፃናት አለማልቀሳቸው ነው። ትኩሳትም ሕመምም ላይኖር ይችላል። ስለዚህ በዚያ ያሉ የጤና ሠራተኞች ልጁ ለማንኛውም ጉዳይ ወደ ክሊኒክ ቢመጣ ጆሮውን እንዲያዩ ታዘዋል።

ጆሮው በፈሳሽ የተሞላ ልጅ ፈጽሞ ደንቆሮ አይሆንም፤ ሁለት ጆሯችንን በጣታችን ደፍነን እንደምንሰማው ያህል ይሰማል። አንድ ቀን ይሰማል፣ ሌላ ቀን አይሰማም። ቋንቋ የሚያዘው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስለሆነ ቃላት ያመልጡታል። ትምህርት ቤት ሲገባ አስተማሪዋ ስትጠራው ዝም ይላል፣ ጓደኛውን ይነካል፣ ከክፍል ይወጣል። «ባለጌ ነው» ይባላል። በ2010 እና በ2011 በዳርዊንና በአሊስ ስፕሪንግስ እስር ቤቶች የነበሩ የአገሬው ተወላጆች ሲመረመሩ ከአሥሩ ከዘጠኙ በላይ የመስማት ጉድለት ነበረባቸው። የወንጀል ምክንያቱ ጆሮ ብቻ ነው አንልም። ነገር ግን ፖሊሱም ዳኛውም የሚናገረውን በደንብ ሳይሰማ የተፈረደበት ሰው ስንት ይሆን?

መፍትሔውም ከዚያው ይገኛል። በምዕራብ አውስትራሊያ በሁለት ሩቅ መንደሮች በ2000 የመዋኛ ገንዳ ተሠራ፤ ትምህርት ቤት ያልሄደ ልጅ እንዳይዋኝ ተደረገ። በዓመት ተኩል ውስጥ በአንደኛው መንደር የቆዳ ቁስል ያለባቸው ልጆች ከመቶ 62 ወደ 18 ወረዱ፤ የተቀደደ ታምቡርም ቀነሰ። የቆዳ ቁስልን አትናቁ። ቁስሉንም የጉሮሮ ሕመምንም የሚያመጣ አንድ ጀርም አለ፤ ሳይታከም ከቀረ የልብ በሮችን የሚጎዳ ሕመም ሊያስከትል ይችላል፤ ይህም በአቦርጂናል ልጆችም በኢትዮጵያም ብዙ የሚታይ ነው። በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ልጆቹ በየጠዋቱ አፍንጫቸውን ይናፈጣሉ፣ በጥልቅ ይተነፍሳሉ፣ ያስላሉ። ወጪው የለስላሳ ወረቀት ብቻ ነው።

ግን ክሊኒክ መሠራቱ ብቻ አልበቃም። እስከ 1970ዎቹ ድረስ መንግሥት ብዙ የአቦርጂናል ልጆችን ከወላጆቻቸው ወስዷል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በይፋ ይቅርታ የጠየቁት በየካቲት 2008 ነው። ልጇ እንዳይወሰድባት የምትፈራ እናት የታመመ ልጅ ይዛ ወደ መንግሥት ቢሮ አትሄድም። ስለዚህ በ1971 በሲድኒ፣ ሬድፈርን በሚባል ሰፈር፣ ማኅበረሰቡ ራሱ የሚያስተዳድረው የመጀመሪያው የሕክምና አገልግሎት ተከፈተ። ዛሬ ከ140 በላይ እንደዚህ ያሉ አሉ፤ ቋንቋውንና ባህሉን የሚያውቁ የማኅበረሰቡ ልጆች ይሠሩባቸዋል። በእስራኤል ክሊኒኮች መገሽሪም ተብለን የምንሠራው እኛም ይህን ሥራ በደንብ እናውቀዋለን። ስንት ጊዜ አንዲት እናት ለሐኪሙ «ደህና ነው» ብላ በሩ ላይ ስንደርስ እውነቱን ነግራናለች!

ስለ ጆሮ እቤታችሁ ልታደርጉት የምትችሉትን እንናገር። የሚመግል ጆሮ ውስጥ ዘይት፣ የቅጠል ጭማቂ ወይም ሌላ ነገር አታንጠባጥቡ፤ ታምቡሩ ተቀድዶ ከሆነ ወደ ውስጥ ይገባል። ጥጥ በእንጨት ጠቅልላችሁም አትጎርጉሩ። የጆሮውን ደጃፍ በንጹሕ ለስላሳ ወረቀት ጠርጉና ወደ ኩፓት ሖሊም ውሰዱት። ከጆሮ በስተጀርባ እብጠት ወይም መቅላት ካያችሁ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሐኪም ቤት ሂዱ። ጡት ማጥባት ይረዳል፤ ሲጋራ የሚያጨስ ከቤት ወጥቶ ያጭስ፣ እንግዳም ቢሆን። በጢፓት ሐላቭ በሁለት፣ በአራትና በ12 ወር የሚሰጠው የኒሞኮከስ ክትባት ለጆሮም ይጠቅማል፤ አታሳልፉት።

የቴሌቪዥን ድምፅ የሚያስጨምር፣ «ምን?» የሚያበዛ፣ ከጀርባው ስትጠሩት የማይዞር፣ አፉን የሚፈታበት ጊዜ ያለፈበት ልጅ ካለ የመስማት ምርመራ እንዲታዘዝለት ሐኪሙን ጠይቁ። የጋን ወይም የትምህርት ቤት አስተማሪ «ልጃችሁ አይታዘዝም» ብላ ከጠራቻችሁ ከቁጣው በፊት ይህን ምርመራ ጠይቁ። ዕብራይስጥ ካስቸገራችሁ እኛ አብረናችሁ እንገባለን።