የአድዋን መንገድ በእግር

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘውን የአድዋ ድል በእግራቸው የሚዘክሩ ወጣቶች አሉ። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው «ጉዞ አድዋ» ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደብረ ሲናን ቁልቁል ይወርድና፣ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መናገሻ በሆነችው ከሚሴ አልፎ ደሴ ይገባል። ከዚያም ወደ ሰሜን ይቀጥላል። አድዋ እስኪደርሱ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው!

የአባቶች መንገድ ግን ሙሉ በሙሉ ይኸው አልነበረም። አፄ ምኒልክ በክተት አዋጃቸው የሸዋን ሰው የቀጠሩት ከዚህ በስተምዕራብ ባለው ደጋ፣ በወሎዋ ወረኢሉ ነበር፤ ቀጠሮውም ጥቅምት እኩሌታ።

በድሉ በዓል ዕለት ደግሞ አዲስ አበባ ምኒልክ አደባባይ ላይ ጎፈር የደፉ፣ ጋሻና ጦር ያነገቡ ሰዎች ይፎክራሉ፤ ይሸልላሉ። ጎፈር ከአንበሳ ጋማ የሚሠራ የጀግና የራስ ጌጥ ነው።