«ሜ ጉስታ» እና «አለኝ»፦ የስፓኒሽን የዕለት ተዕለት ዐረፍተ ነገሮች ከአማርኛ ተነሥቶ መረዳት

ስፓኒሽን በእንግሊዝኛ በተዘጋጀ መማሪያ መጽሐፍ የሚያጠና አማርኛ ተናጋሪ «ሜ ጉስታ ኤል ካፌ» (ቡና እወዳለሁ) የሚለውን ዐረፍተ ነገር ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው «የተገለበጠ» አወቃቀር ተብሎ ነው። ግልበጣው ግን የሚታየው ከእንግሊዝኛ አንጻር ሲመዘን ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ጥቂት የዘወትር ዐረፍተ ነገሮችን በመመርመር፣ የአማርኛ ሰዋስው ለእነዚህ አወቃቀሮች ቅርብ መነሻ እንደሆነና ቅርበቱም የት ላይ እንደሚያበቃ ያሳያል። የስፓኒሽ ምሳሌዎቹ የተጻፉት የላቲን አሜሪካን አነባበብ ተከትሎ ነው።

፩. የሚወደደው ነገር ባለቤት ሲሆን

በ«ሜ ጉስታ ኤል ካፌ» የግሡ ባለቤት ቡናው («ኤል ካፌ») ነው። ወዳዱ ሰው የሚታወቀው «ሜ» በተባለው የተሳቢ ተውላጠ ስም ነው። ባለቤቱ ብዙ ሲሆን ግሡ አብሮ ይለወጣል፦ «ሜ ጉስታን ሎስ ሊብሮስ» (መጻሕፍቱን እወዳቸዋለሁ)። «እወዳለሁ» በሚለው ትርጉም ለተመራ ተማሪ ይህ ስምምነት እንግዳ ነው። «ቡናው ያስደስተኛል»፣ «መጻሕፍቱ ያስደስቱኛል» ብሎ ለጀመረ ግን አወቃቀሩ የራሱ ቋንቋ ነው።

ከዚህ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ «አለ» ነው። «ወንድም አለኝ»፣ «እኅት አለችኝ»፣ «ልጆች አሉኝ» ስንል ግሡ በጾታና በቁጥር የሚስማማው ከወንድሙ፣ ከእኅቲቱና ከልጆቹ ጋር ነው፤ ተናጋሪው የሚገለጸው በ«-ኝ» ብቻ ነው። «ማርያም ልጆች አሏት» በሚለው ደግሞ የማርያም ስም ቢጠቀስም በግሡ ላይ ያለው ቅጥያ አይቀርም። ስፓኒሽም እንዲሁ «አ ማሪያ ሌ ጉስታ ኤል ካፌ» (ማሪያ ቡና ትወዳለች) ሲል ማሪያን ከጠራ በኋላ «ሌ»ን ይጨምራል። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ አላስፈላጊ ድግግሞሽ የሚመስለው «ሌ» ለአማርኛ ተናጋሪ የታወቀ ሥርዓት ነው። ልዩነቱ፣ ስፓኒሽ ከስሙ በፊት «አ» የተባለውን መስተዋድድ ግድ ማለቱ ነው፤ አማርኛ ግን «ማርያም»ን ያለ ምልክት ይተዋታል።

፪. ሕመም፦ ቅርበቱ የሚያበቃበት

«ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ከ«ራሴን ያመኛል» ጋር የሚገጥም ይመስላል፤ በሁለቱም ታማሚው ተሳቢ ነው። ሆኖም ሁለት ልዩነቶች አሉ። አንደኛ፣ አማርኛ «ራሴን» ብሎ የአካል ክፍሉን በተሳቢ ምልክት ስለሚያስከትለው ግሡ ከእርሱ ጋር አይስማማም፤ «እግሮቼን ያመኛል» እንጂ «ያሙኛል» አንልም። በስፓኒሽ ግን የአካል ክፍሉ ባለቤት ስለሆነ «ሜ ዱዌሌን ሎስ ፒዬስ» (እግሮቼን ያመኛል) ተብሎ ግሡ ወደ ብዙ ቁጥር ይለወጣል። ሁለተኛ፣ አማርኛ «ራሴ» ሲል ስፓኒሽ «ራሱ» (ላ ካቤሳ) ብሎ በውሱን መስተአምር ብቻ ይወሰናል፤ ራሱ የማን እንደሆነ «ሜ» አስቀድሞ ተናግሯልና።

፫. ሳይታሰብ የደረሰ

ብርጭቆ የሰበረ ሰው «ሮምፒ ኤል ባሶ» (ብርጭቆውን ሰበርሁት) ሊል ይችላል። ሳያስበው የሆነ ከሆነ ግን የተለመደው «ሴ ሜ ሮምፒዮ ኤል ባሶ» ነው። ይህን ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ረጅም ማብራሪያ ያስፈልጋል፤ በአማርኛ ግን «ብርጭቆው ተሰበረብኝ» ማለት ይበቃል። «ሴ» የግሡን አድራጊ ሲያስቀር በ«ተ-» የምንገልጸውን ይሠራል፤ «ሜ» ደግሞ ነገሩ የደረሰበትን ሰው ያመለክታል። ብርጭቆዎቹ ሲበዙ «ሴ ሜ ሮምፒዬሮን ሎስ ባሶስ»፣ «ብርጭቆዎቹ ተሰበሩብኝ» ይባላል፤ ስምምነቱም አንድ ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ ስፓኒሽ የሌለውን ልዩነት ይይዛል። «በሩን ዘጋልኝ» እና «በሩን ዘጋብኝ» የሚለያዩት በ«-ል-» እና በ«-ብ-» ነው። ስፓኒሽ ለሁለቱም «ሜ ሴሮ ላ ፑዌርታ» ይላል፤ ጥቅም ይሁን ጉዳት የሚለየው ከዐውዱ ነው። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪው «ሜ»ን ባየ ቁጥር «ለእኔ» ብሎ ብቻ መተርጎም የለበትም።

፬. የእውነተኛው ግልበጣ ስፍራ

ለአማርኛ ተናጋሪ በእርግጥ የተገለበጠው «ቴንጎ» (አለኝ) ነው። «ቴንጎ ኡን ኤርማኖ» (አንድ ወንድም አለኝ)፣ «ቴንጎ ዶስ ኤርማኖስ» (ሁለት ወንድሞች አሉኝ) በሚሉት ግሡ የሚስማማው ከተናጋሪው ጋር ስለሆነ የወንድሞቹ ቁጥር አይለውጠውም። «ራበኝ» እና «በረደኝ» የሚሉት ስሜቶችም በዚሁ ግሥ «ቴንጎ አምብሬ»፣ «ቴንጎ ፍሪዮ» ይሆናሉ። በአማርኛ ረሃቡ ሰውን ይይዘዋል፤ በስፓኒሽ ሰው ረሃቡን ይይዘዋል። ለዚህ ክፍል የእንግሊዝኛ ዕውቀት ይጠቅማል፤ ለ«ሜ ጉስታ» እና ለ«ሴ ሜ ሮምፒዮ» ግን ያርቃል።

ከዚህ ንጽጽር ለጥናት የሚሆን ግምት ይገኛል። አማርኛ ተናጋሪ ጀማሪዎች «ሌ»ን ከመርሳት ይልቅ «አ»ን ይረሳሉ፤ በ«ጉስታን» ሳይሆን በ«ዱዌሌን» ላይ የቁጥር ስምምነትን ይስታሉ፤ ከ«ላ ካቤሳ» ይልቅም «ሚ ካቤሳ» (ራሴ) ለማለት ይቸኩላሉ። ግምቱ በተማሪዎች ጽሑፍ ላይ በሚደረግ የስሕተት ትንተና ሊፈተን ይችላል። ከተረጋገጠ የማስተማሪያው ቅደም ተከተል ሊለወጥ ይገባዋል፦ መምህሩ ተማሪው ከልጅነቱ የሚያውቀውን «አለኝ» እና «ተሰበረብኝ» አስቀድሞ፣ የማስጠንቀቂያውን ጊዜ ለ«ዱዌሌን» እና ለ«ቴንጎ» ያቆያል።