ካሜራው ተበላሽቷል ከማለታችሁ በፊት

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ሠርግ የምታነሱ ባልደረቦቼ፣ አንዱ ፎቶ ነጥቶ ቀጣዩ ጠቁሮ ሲወጣባችሁ ካሜራውን ወደ ጠጋኝ ለመላክ አትቸኩሉ።

የብርሃን መለኪያው የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ነው የሚገምተው። ስለዚህ ነጭ ጋቢና ነጠላ የለበሰ እድምተኛ ፍሬሙን ሲሞላው ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ፊት ይጨልማል። አረንጓዴ ማሳ ፊት ለፊት ሲቆሙ ደግሞ ልኩ ይለወጣል። ነጭ ሲበዛ ኤክስፖዠር ኮምፔንሴሽኑን ወደ +1 ከፍ አድርጉ። ጥምቀት ላይም ይኸው ነው።

አዳራሽ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ብዙ ሰው ካሜራውን በከንቱ የሚወቅሰውም እዚህ ነው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ የፍሎረሰንት አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ፣ ደብዘዝ ይላል። ፈጣን ሹተር አንዴ ድምቀቱን፣ አንዴ ድብዘዛውን ይይዛል። 1/100 ወይም 1/50 ላይ አንሱ።

ካልተስተካከለ ማኑዋል ላይ አድርጉ፤ አውቶ አይኤስኦን አጥፉ፤ ብርሃኑ የማይለዋወጥ ግድግዳ ከቤት ውጭ ደጋግማችሁ አንሱ። ቁጥሮቹ ሳይነኩ ፎቶዎቹ ከተለያዩ የሌንሱ አፐርቸር ወይም ሹተሩ ታሟል። የሌንሱን የብረት መገናኛዎች በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ፤ ሌላ ሌንስም ሞክሩ። ያም ካልሠራ ያኔ ለጠጋኝ ስጡት፤ የሰው ሠርግ አይደገምምና ከሠርጉ በፊት ይሁን።