ለራዲዮ የሚስማማውን አዳፕተር ስለ መምረጥ

ራዲዮ በቤት ውስጥ እንደ መልካም እንግዳ ነው፤ ወሬ ያመጣል፤ ትምህርት ይሰጣል፤ ማታም ቤተ ሰቡን ባንድነት ይሰበስባል። ነገር ግን እንግዳን የማይስማማው ምግብ እንደሚያሳምመው፤ ራዲዮንም የማይስማማው ኮረንቲ ያበላሸዋል፤ ከዚያም አልፎ ለቤት ቃጠሎ ምክንያት ይሆናል።

በኢትዮጵያ ከግድግዳ ሶኬት የሚወጣው ኮረንቲ 220 ቮልት ሲሆን፤ ትንሽ ራዲዮ የሚፈልገው ብዙውን ጊዜ 3 ወይም 6 ወይም 9 ቮልት ብቻ ነው። አዳፕተር የተባለው ትንሽ ዕቃ ሥራው ይህን ታላቅ ኀይል ዝቅ አድርጎ፤ ተለዋዋጩንም ኮረንቲ ቀጥተኛ አድርጎ ለራዲዮው ማቀበል ነው።

በቤታችን የደረሰውን ልንገራችሁ። አንድ ዘመዳችን ከአሜሪካ ሲመጣ ለእናቴ ራዲዮ ከነአዳፕተሩ አመጣላቸው። የመሰኪያው እግር ከሶኬታችን ጋራ ስላልገጠመ፤ ከገበያ ማገናኛ ገዝተን ሰካነው። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ የሚቃጠል ነገር ሸተተን፤ ጢስም ወጣ። ነቅለን ብናየው በአዳፕተሩ ላይ የተጻፈው 120 ቮልት ብቻ ኖሯል፤ በአሜሪካ ቤቶች ያለው ኮረንቲ እንደዚያ ነውና። ማገናኛውም የእግሩን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን የሚለውጥ አልነበረም። ዘወትር በሥራዬ ማኅተሙንና ቀኑን ሳልመረምር ወረቀት የማልቀበለው እኔ፤ በቤቴ የተጻፈውን ሳላነብ በመቅረቴ አፈርሁ። መግጠም ሌላ ነው፤ መስማማትም ሌላ ነው።

ስለዚህ አዳፕተር የሚገዛ ሰው አራት ነገር ይመርምር።

አንደኛ፤ ኢንፑት ከሚለው ቃል አጠገብ ያለውን ቁጥር ይመልከት። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ በአሜሪካም በአገራችንም ይሠራል፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን ወደ ሶኬታችን አይቅረብ።

ሁለተኛ፤ አውትፑት በሚለው ዘንድ ያለው ቮልት በራዲዮው ጀርባ ከተጻፈው ጋራ እኩል ይሁን። ቀጥተኛ ኮረንቲ ምልክቱ አንድ ቀጥ ያለ መስመርና ከሥሩ የተቆራረጠ መስመር ነው፤ የተለዋዋጩ ምልክት ግን እንደ ማዕበል የታጠፈ ነው።

ሦስተኛ፤ አምፔሩ ራዲዮው ከሚጠይቀው አይነስ። ቢበልጥ አይጎዳም፤ ራዲዮው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይስባልና። 500 ሚሊ አምፔር ለሚጠይቅ ራዲዮ 1 አምፔር የሚሰጠው ይስማማዋል፤ 300 ሚሊ አምፔር የሚሰጠው ግን ከዐቅሙ በላይ ተሸክሞ ይግላል።

አራተኛ፤ በራዲዮው በሚገባው ጫፍ መካከል ያለው የመደመር ወይስ የመቀነስ ምልክት እንደ ሆነ ይወቅ። ይህ በሁለቱም ዕቃዎች ላይ በትንሽ ክብ ሥዕል ይታያል፤ ሥዕሎቹ ካልተመሳሰሉ ፈጽሞ አይሰካ።

እነዚህ ኹሉ ቢሟሉም ጥበቃ አይቅር። አዳፕተርን በጨርቅ አትሸፍኑ፤ ልጆችም እንዳይነኩት ከፍ ባለ ስፍራ አድርጉት። ሽፋኑ የተሰነጠቀውን፤ ሽቦው የተላጠውን፤ ወይም ለእጅ እስከማይቻል የሚግለውን ወዲያው ከአገልግሎት አውጡ። መብራት ሲጠፋና መብረቅ ሲያስፈራ ከሶኬቱ ንቀሉት። ራዲዮው አዳፕተር በተሰካበት ጊዜ ብቻ ቢያጉረመርምና በባትሪ ሲሠራ ቢጠራ፤ ጉድለቱ የአዳፕተሩ ሊሆን እንደሚችል ዕወቁ።

ጽሕፈቱን ማንበብ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ የተቃጠለ ቤት ግን በዓመትም አይጠገንም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።