ስኳሬ፣ ቢራዬና የፍልሰታው ቀን

ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ወደምናዘወትራት አንዲት ትንሽ ግሮሰሪ ጎራ እላለሁ። ጓደኞቼ ሦስት ናቸው። አንዱ ጡረታ የወጣ ሾፌር፣ ሁለተኛው አብሮኝ ያስተማረ፣ ሦስተኛው ዕድሜውን በመዝገብ ቤት ያሳለፈ ነው። እንደተቀመጥኩ ከኮቴ ኪስ ትንሿን የስኳር መለኪያ አወጣና ጣቴን ወጋ አደርጋለሁ። አስተናጋጇ ወረቀትና እስክሪብቶዋን ይዛ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ስንት ሆነ?» ትለኛለች።

«መቶ አርባ ሁለት» ካልኳት መጀመሪያ ሽሮ በእንጀራ፣ ቀጥሎ አንድ ቢራ ታመጣለች። ቁጥሩ ከመቶ በታች ከሆነ ደግሞ ቢራው ይቆያል፤ በልቼ፣ ቆይቼ፣ እንደገና ለክቼ ነው። ሌላ ጠረጴዛ ላይ ያሉ ወጣቶች መጀመሪያ ይስቁብኝ ነበር። አሁን ለምደውኛል። እንዲያውም አንዳንዱ «የእኔንም ይለኩልኝ» እያለ ጣቱን ይዘረጋል፤ መርፌ ለሁለት ሰው አይሆንምና ወደ ጤና ጣቢያ እልከዋለሁ።

እዚህ ሥርዓት ላይ የደረስኩት በምክር አይደለም። ልሞት ደርሼ ነው።

ሠላሳ ስድስት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ በ2009 ዓ.ም. ጡረታ ወጣሁ። ስኳር እንዳለብኝ የታወቀው ግን ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ውኃ ጥም አላስቀምጥ አለኝ፤ ሌሊት አምስትና ስድስት ጊዜ ለሽንት እነሣለሁ፤ ቀበቶዬ በሁለት ቀዳዳ ጠበበ። ባለቤቴ «ሥራ በዝቶብህ ነው» ትላለች፣ እኔም አዎን እላለሁ። ስለ ቆሽትና ስለ ኢንሱሊን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዕል እየሣልኩ የማስተምር ሰው የራሴን ምልክት አላነበብኩም። በባዶ ሆዴ ስለካ 268 ሆኖ ተገኘ። 126ና ከዚያ በላይ ሁለት ጊዜ ከታየ ስኳር በሽታ ነው ይባላል፤ የእኔ ከእጥፍ በላይ ነበር።

የመጀመሪያው ሐኪም መድኃኒት ጻፈልኝና ከወንበሩ ሳይነሣ «መጠጥ የሚባል ነገር እርም በል» አለኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ስምንት ወር እርም አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ያስቸገረኝ የቢራው ጣዕም አልነበረም። ቅዳሜ ነው ያስቸገረኝ። ጓደኞቼ ግሮሰሪ ሲገቡ እኔ በሌላ መንገድ እዞራለሁ። እነሱም እንዳላፍር ብለው መጥራት ተዉ። ጡረታ ላይ ያለ ሰው የሚያወራው ሰው ካጣ ቤቱ ውስጥ ሆኖ ማርጀት ይጀምራል። ከዚያ ተደብቄ መጠጣት ጀመርኩ። ለባለቤቴ ለቅሶ ሄድኩ እላለሁ፤ ለሐኪሙ ካቆምኩ ቆየሁ እላለሁ። እሱም የነገርኩትን አምኖ መድኃኒቱን ጨመረልኝ።

የፍልሰታው ቀን

ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ነበር። ፍልሰታ ነውና እንደ ሁልጊዜው ሳልበላ ቅዳሴ ዋልኩ። ጠዋት ግን «ለመድኃኒት አይቆጠርም» ብዬ ግሊበንክላሚድ የምትባለዋን እንክብል በውኃ ዋጥኩ። ይህች እንክብል ቆሽትን እየገፋች ኢንሱሊን የምታስወጣ ናት፤ ብትበላም ባትበላም ሥራዋን ትሠራለች። ከቅዳሴ በኋላ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ዝናቡም አላባራ አለ። ቢራ የጾም ነው፤ እህል ከመቅመሳችን በፊት ግሮሰሪ ገባን። ሁለት ጠርሙስ ጠጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የማውቀው ሲነገረኝ ነው። ላብ አጠመቀኝ፣ ምላሴ ተሳሰረ፣ ወንበሩን ስቼ ልቀመጥ ስል ወደቅኩ። ጓደኞቼ ሳቁ። «ጾም ላይ መታው» ተባባሉ። ደግፈው ቤቴ አደረሱኝና ባለቤቴን «ይተኛ፣ ሲነቃ ይሻለዋል» ብለዋት ሄዱ። እሷም በንዴት ብርድ ልብስ ጣል አድርጋብኝ ወጣች።

ያዳነኝ ለእድር ክፍያ ቤታችን ብቅ ያለ፣ አሁን መድኃኒት ቤት የሚሠራ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። «ቲቸር ምን ሆነው ነው?» ብሎ ገባ። ባለቤቴ «ጠጥቶ ነው» አለችው። ስንት እንደጠጣሁ ደውሎ ጠየቀ። ሁለት ቢራ! ትራሴ በላብ ርሷል። «እትዬ፣ ይሄ ስካር አይደለም» ብሎ ከመድኃኒት ቤቱ መለኪያ አስመጣ። 38 ነበር። ከ70 በታች ሲሆን ስኳር ወርዷል ይባላል።

ገና መዋጥ እችል ስለነበር ቀና አድርገው ስኳር በውኃ በጥብጠው ሰጡኝ፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል። እዚያም በግሉኮስ አሳደሩኝ፤ ያች እንክብል ከሰውነት እስክትወጣ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላልና። ብርድ ልብስ እንደለበስኩ ብተው ኖሮ ምናልባት አልነቃም ነበር።

ጉበት ሁለት ሥራ በአንዴ አይሠራም

በማግስቱ አንዲት ወጣት ሐኪም አልጋዬ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣ «አባባ፣ በሳምንት ስንት ይጠጣሉ?» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ጠየቀችኝ ብቻ። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ተናገርኩ።

የነገረችኝን እኔ ራሴ ከመማሪያ መጽሐፉ ማውጣት ነበረብኝ። ስንራብ ስኳራችን እንዳይወርድ የሚጠብቀው ጉበት ነው፤ ያከማቸውን ይለቃል፣ ሲያልቅም አዲስ ይሠራል። አልኮል ሲመጣበት ግን ጉበት ሌላውን ሥራ ትቶ መርዙን ማስወገድ ይጀምራል። አንድ ቢራ ለማጥራት አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይወስድበታል። በዚያ መካከል ሆዱ ባዶ የሆነና ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት የዋጠ ሰው መጠባበቂያ የለውም። አደጋው ደግሞ እየጠጡ ሳለ ብቻ አይደለም፤ ሌሊት በእንቅልፍ ላይም፣ እስከ ማግስቱም ሊመጣ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው የስካርና የስኳር መውረድ ምልክት መመሳሰሉ ነው። መንገዳገድ፣ የምላስ መተሳሰር፣ ግራ መጋባት፣ ያለ ነገር መቆጣት በሁለቱም አለ። የቢራ ሽታ ካለ ደግሞ ሰው ሁሉ ይስቃል እንጂ ሐኪም አይጠራም። የስኳር መውረድ ብዙ ጊዜ በመንቀጥቀጥ፣ በቀዝቃዛ ላብና በልብ መምታት ይጀምራል። ከተጠራጠራችሁና በሽተኛው መዋጥ ከቻለ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡት፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና ለኩ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አታፍስሱ፤ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

ከሐኪሟ ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው። እንክብሏ ቀርታ ሜትፎርሚን ብቻ እወስዳለሁ፤ እሱ ለብቻው ስኳርን ያን ያህል አያወርድም። ይሁንና ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው በብዛት ቢጠጣ ሌላ አደጋ አለው፤ ደም ውስጥ አሲድ ይጠራቀማል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከምግብ ጋር፣ ከሁለት ያልበለጠ። ልተኛ ስል እለካለሁ። ኪሴ ውስጥ ከረሜላ አይጠፋም፤ ስኳር በሽተኛ መሆኔን የሚገልጽ ካርድም ከመታወቂያዬ ጋር ነው። በየሦስት ወሩ የሚታየው የስኳር አማካይ ከ7 በመቶ እንዳይዘል እንጥራለን። ዘልሎ ከተገኘ ቅዳሜዬ ይታገዳል። ሁለት ጊዜ ታግዷል።

ጾሙስ? የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ጾም ለታመመ ሰው መቅሠፍት አይደለም» ብለው ከሥጋና ከወተቱ እንድከለከል፣ በሰዓቱ ግን እንድበላ ፈቀዱልኝ። ይህን ለመጠየቅ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል።

«ጌሾው መራራ ነው፣ ስኳር ያጠፋል»

እኛ አገር ቢራ ብቻ አይደለም ያለው። ሰንበቴው፣ ማኅበሩ፣ ለቅሶው፣ ሁሉም ጠላ አለው። ባለ ማኅበሯ በዋንጫ ሞልታ ይዛ ስትቆም እንቢ ማለት ሰው መናቅ ይመስላል። «ጠላ ገብስ ነው፣ ምን ይጎዳል?» ይሉኛል። «ጌሾው መራራ ነው፣ ስኳር ያጠፋል» የሚሉም አሉ። ኮሶም፣ ሬትም፣ ጌሾም መራራ ነው፤ ምላስ ላይ መምረርና ደም ውስጥ ያለ ስኳርን መቀነስ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የጠላ ችግሩ እያንዳንዱ ቤት በራሱ ልክ መጥመቁ ነው። የዚህችኛዋ ቅራሪ፣ የዚያችኛዋ ብርቱ ድፍድፍ ይሆናል፤ ስንት አልኮል እንዳለው ጠርሙስ ላይ አልተጻፈም። ስለዚህ አፌን አስነክቼ ዋንጫውን ይዤ እቀመጣለሁ። ባለቤቴም ለጎረቤቱ ሁሉ «እንዳትሞሉለት» ብላ አውጃለች፤ እንዲህ ያለ አዋጅ ነጋሪ የትም አይገኝ።

«አረቄ ስኳር የለበትም» የሚል ክርክርም አለ። እውነት ነው፣ የለበትም። ጉበትን የሚይዘው ግን ስኳሩ ሳይሆን አልኮሉ ነው፤ እሱ ደግሞ አረቄ ውስጥ እጅግ ይበዛል።

ባሕር ዳር የምትኖረው ልጄ በበኩሏ «አባዬ፣ ቢራውን ትተህ ይሄን ጠጣ» ብላ አንድ ካርቶን የማልት መጠጥ ላከችልኝ። አልኮል የለውም ብዬ በደስታ ሁለት ጠጣሁ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስለካ 261። ጠርሙሱን አገላብጬ ሳነብ ስኳሩ ከቢራው በብዙ ይበልጣል። አንድ ተራ ቢራ ውስጥ ያለው ካርቦሃይድሬት አሥር ግራም ገደማ ነው፤ አልኮል የሌለው ሁሉ ለስኳር በሽተኛ ደኅና ነው ማለት አይደለም።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ሰው «መምህሩ ቢራ ፈቀደልን» እንዳይል እፈራለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ለጤና ፍጹም ደኅና የሆነ የአልኮል መጠን የለም ብሎ አስታውቋል። የማይጠጣ ሰው ለጤናዬ ብሎ እንዲጀምር የሚመክር ሐኪም አላውቅም። ጉበቱ ወይም ቆሽቱ የታመመ፣ እግሩ መደንዘዝ የጀመረው፣ ወይም አንድ ከጠጣ ማቆም የማይችል ሰው፣ ለእሱ እርም ትክክለኛው ቃል ነው። ከአራታችን አንዱ፣ ሾፌሩ፣ እንደዚያ ሆኖ አቁሟል። እግሩ ላይ የወጣ ቁስል ሳይሰማው ከርሞ ሁለት ጣቱን አሳጣው። አሁን ሻይ ያለ ስኳር ያዛል፤ ቅዳሜን ግን አልቀረም። እኛም በሌላ መንገድ እንዲዞር አልተውነውም።

ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ የካናዳ ልጅ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ነው። የጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመውም በዚያው በ1922 ነው። ይህን ስነግራቸው መዝገብ ቤቱ «እንግዲያው እኩያሞች ናቸው፣ ተስማምተው ይኑሩ» አለ። እኔ ግን እንደ አስተማሪነቴ አረምኩት፤ የሚስማሙት አንዱ ለሌላው ቦታ ሲለቅ ነው።

ዘንድሮ ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ጠዋት ጠዋት ከቤቴ እስከ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን በእግሬ ሄጄ እመለሳለሁ፤ ማታ እግሬን ታጥቤ በመነጽር እየፈለግኩ አያለሁ። የመለኪያው ወረቀት ውድ ነው፤ መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታትም ይጠፋል። ስለዚህ በየቀኑ አልለካም፤ ለቅዳሜ ግን ሁለት አስቀምጣለሁ፣ አንዷ ከቢራው በፊት፣ አንዷ ለመኝታ ሰዓት። ወረቀቷ ካለቀች ቢራዋም ትቀራለች።

ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ በር ላይ ቆማ፣ «የት ልትሄድ ነው?» አለችኝ። «ቢራ ልጠጣ» አልኳት። «ከረሜላ ይዘሃል?» አለች። ይዤ ነበር።