ድንኳኑ የማን ነው?

በአያሌ ሠፈሮች ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ የእድር መዝገብ ሠፍረው፣ ወርኀዊ መዋጯቸውን እየከፈሉ፣ ድንኳኑን በጋራ ተክለው ኖረዋል። ሃይማኖት የለኝም የሚለው ሠራተኛ ግን አቋሙን ደብቆ ይኖራል፤ የሚፈራው ቀባሪ ማጣትን ነው። መካነ መቃብሩ በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ወይም የሙስሊሙ በመሆኑ ስጋቱ ከንቱ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የሕሊናን ነፃነት ለማንኛውም ሰው አረጋግጧል፤ አስከሬኑን የሚሸከመው ግን ጎረቤት ነው። እኛ እንደምናምነው፣ የእድር ዳኛ ከአባሉ ሊጠይቅ የሚገባው መዋጮውን እንጂ ጸሎቱን አይደለም። ሐዘንተኛው ቄስም ሆነ ሼህ ባይጠራ እንኳ ድንኳኑ ይተከል፣ ንፍሮው ይቀቀል፣ ለቀስተኛው ይቀመጥ። (ንፍሮ የማንን እምነት ጠይቆ ያውቃል?) የቀብሩን ቦታ ጉዳይ ደግሞ የእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ሰው ሳይሞት፣ በሰላሙ ቀን፣ ከወረዳው አስተዳደር ጋር ይምከርበት።